የሽጉጥ ጥይት ስትመርጡ

ራሳችሁን ለመከላከል በሕጋዊ ፈቃድ ሽጉጥ የያዛችሁ፣ እባካችሁ ትልቅ ካሊበር (የጥይት ውፍረት) አታሳድዱ። ብዙ ሰው በደንብ የሚቆጣጠረው 9 በ19 (ውፍረቱ 9፣ የቀለሁ ርዝመት 19 ሚሊ ሜትር ግድም የሆነ ጥይት) ነው። ለልምምድ አረሩ (ተተኩሶ የሚወጣው ክፍል) ሙሉ የብረት ልባስ ያለው ጥይት ይበቃል፤ ለመከላከያ ግን ጫፉ ጎድጓዳ የሆነውን ያዙ። ሲመታ ስለሚሰፋ በስቶ አልፎ ከኋላ ያለ ሰው የመጉዳት ዕድሉ ይቀንሳል።

በርሜሉ ላይ የተቀረጸውንም አንብቡ። የማካሮቭ (የሶቪየት ሽጉጥ) 9 በ18 ስሙ ቢመሳሰልም ከ9 በ19 ጋር አይለዋወጥም፤ የአረሩ ውፍረት ራሱ 9.27 ሚሊ ሜትር ግድም ነው፣ የሌላኛው 9.01።

ብዙዎች የሚዘነጉት ደግሞ ይኼ ነው፦ ያንኑ ጥይት እያወጡ ደጋግሞ ማጉረስ አረሩን ወደ ቀለሁ ውስጥ ይገፋዋል፤ ሲተኮስ ግፊቱ አደገኛ ይሆናል። ካልተነካ ጥይት ጎን አቁማችሁ አስተያዩት፤ በጥቂቱም ቢያጥር አትተኩሱት።