የስሜን ተራሮችን ንጋት በፎቶና በሁለት ስንኝ እንዴት ማስቀረት ይቻላል?

የስሜን ገደሎች ብዙ ጊዜ ፎቶ ላይ ጠፍጣፋ ሆነው ይወጣሉ። ዓይን ያየውን ጥልቀት ሌንስ ብቻውን አይሸከመውም። ስለዚህ ሥራውን ለሁለት መክፈል ይበጃል፤ ምስሉ የታየውን ይያዝ፣ ግጥሙ ደግሞ ምስሉ ውስጥ ሊገባ ያልቻለውን።

ከዋዜማው

ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ ተመራጭ ነው፤ ዝናቡ አቧራውን አጥቦታል፣ ሣሩም ገና አልደረቀም። ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ደባርቅ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት አለ፤ የመግቢያ ክፍያ ፈጽማችሁ ከስካውት (ከፓርኩ ጠባቂ) ጋር ትወጣላችሁ። ጎህ ሳይቀድ ገደል አፋፍ ላይ መገኘት እንደምትፈልጉ ለስካውቱ ማታውኑ ንገሩት።

ፓርኩ ውስጥ ያለው ሳንካበር ካምፕ 3,250 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። የሌሊቱ ብርድ ባትሪ ስለሚያዳክም መለዋወጫውን በውስጥ ኪሳችሁ ያዙ። ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ)፣ የግንባር ባትሪና ወረቀት ያስፈልጋል። ለመጻፍ እርሳስ ይሻላል፤ የእስክሪብቶ ቀለም በብርድ ይወፍራል።

መጀመሪያ መቀመጥ

ፀሐይ ከመውጣቷ 40 ደቂቃ ቀድማችሁ ድረሱ። ትራይፖዱን ከተከላችሁ በኋላ ካሜራውን ሳትነኩ 10 ደቂቃ ተቀመጡ። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ነው፤ ግጥሙ የሚገኘው ግን እዚህ ላይ ነው። ፎቶ የማይዘውን በአምስት ቃል ብቻ ጻፉ፦ ድምፅ፣ ሽታ፣ ብርድ፣ የነፋሱን አቅጣጫ። ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሌሊቱን ገደሉ ላይ አድረው ጠዋት ለግጦሽ ወደ ሜዳው ይወጣሉ፤ ከመታየታቸው በፊት ድምፃቸው ሊሰማ ይችላል።

ማንሳት

አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜታዊነት) 100፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) ኤፍ 8 አድርጋችሁ፣ ካሜራው እንዳይነቃነቅ በ2 ሰከንድ ታይመር አንሱ። ኤፍ 16ን ማለፍ ምስሉን ያለሰልሰዋል። ሰፊ ሌንስ ሩቁን ተራራ ያሳንሰዋል፤ ጥልቀት የሚጠፋበት ዋናው ምክንያት ይኸው ነው። ከ70 እስከ 135 ሚሊሜትር ያለው ሌንስ ሸንተረሮቹን አንዱን በሌላው ላይ ይደራርባቸዋል። ጥግ ላይ አንድ የአስታ ዛፍ ወይም የቆመ ሰው በትንሹ ይግባ፤ የሚለካበት ነገር ከሌለ ግዝፈት አይታወቅም።

ጭጋግ ሲኖር ካሜራው ነጩን አይቶ ያጠቁረዋል፣ ምስሉም አመድማ ይሆናል። ኤክስፖዠሩን (ምስሉ የሚያገኘውን ብርሃን) ከ0.7 እስከ 1 ስቶፕ (የብርሃን መለኪያ ደረጃ) ከፍ አድርጉ። በስልክ ከሆነ ስክሪኑን ተጭናችሁ ቆልፉና የፀሐይዋን ምልክት ትንሽ ወደ ላይ ግፉ። ጭላዳዎቹ ሲመጡ የመዝጊያውን ፍጥነት 1/500 ሰከንድ አድርጉ፣ አይኤስኦውን ወደ 800 ከፍ በማድረግ። ምግብ አትስጧቸው፣ ተጠግታችሁም አትከተሏቸው፤ ከተቀመጣችሁበት ካልተነሣችሁ ራሳቸው እየጋጡ ይቀርባሉ።

ስንኙ

የወል ቤት የሚባለው የግጥም ምጣኔ ለዚህ ልኩ ነው፤ እያንዳንዱ ስንኝ ስድስት ስድስት ቀለም (የድምፅ ክፍል) ባላቸው ሁለት ሐረጎች ይከፈላል። በጣት እየቆጠራችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡ፤ በጽሑፍ የተስተካከለ የሚመስል ቤት በአፍ ሲነገር ይሰበራል። ባዶ ጭጋግ ብቻ ለሚታይበት ፎቶ ለምሳሌ፦

ድምፁ ይሰማኛል፣ የማይታይ መንጋ፤
እግሬ ሳይነቃነቅ፣ ልብ ወርዷል ፍለጋ።

«ጭጋግ» የሚለው ቃል የለም፤ ፎቶው ብሎታል። «ድንቅ»፣ «ግሩም»፣ «ውብ» የሚሉትንም አስወጡ፤ አንባቢው ራሱ ሳይደነቅ ተደነቅ ይሉታል። ቤት ለመምታት ብቻ የገባ ቃል ካለ ግን ቤቱን ሳይሆን ስንኙን ቀይሩ።

ሲያልቅ ግጥሙን ምስሉ ላይ አትጻፉት፤ ፊደሉ የመጀመሪያውን እይታ ይቀማል። ከሥር ባለው ነጭ ቦታ አስቀምጡትና ቦታውንና ወሩን በትንሽ ፊደል ጨምሩበት።