ጦጣዋ «አኮረፈች» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት

የእንስሳትን አስተሳሰብ እያጠና የሰውን አመጣጥ መረዳት ለሚፈልግ ወጣት አንትሮፖሎጂስት ባሕር ዳር ጥሩ መነሻ ናት። ጦጣው እዚሁ ሐይቁ ዳር አለ። ዘጌ በጀልባ ቅርብ ነው። ጭላዳን ማየት ያማረው በጎንደር አድርጎ ሰሜን ተራሮች ይወጣል፤ ከኢትዮጵያ ውጭ በዱር የትም አያገኘውም። ታዲያ ጀማሪውን የሚጥለው ብዙ ጊዜ የገንዘብ ማጣት ብቻ አይደለም። ዓይኑ ያላየውን ደብተሩ ላይ መጻፉ ነው። ይህንንና ሌሎቹን የጀማሪ ስህተቶች አንድ በአንድ እንያቸው።

ግምትን እንደ መረጃ መመዝገብ

ሐይቁ ዳር ካሉት መዝናኛዎች አንዱ ውስጥ ተቀመጡ እንበል። አንዲት ጦጣ ከጠረጴዛ ላይ ቁራሽ ዳቦ ላፍ አድርጋ ዛፍ ላይ ወጣች። ሌላዋ ተከተለቻት። ባለ ዳቦዋ ጀርባዋን ሰጠቻት። ደብተሩ ላይ ምን ይጻፋል? «ሰስታ ከለከለቻት፤ ጓደኛዋም አኮረፈች።» የታየው ግን ይህ አይደለም። የታየው አንደኛዋ መዞሯ፣ ሁለተኛዋ ሁለት ክንድ ያህል ርቃ መቀመጧና ፊቷን ወደ ውኃው ማዞሯ ነው። ስስቱም ኩርፊያውም የእኛ ጭማሪ ነው። ልክ ሊሆን ይችላል፤ ግን ግምት ስለሆነ በሌላ ዓምድ ይጻፍ።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በርሊን ውስጥ ሃንስ የሚባል ፈረስ ሒሳብ ይችላል ተብሎ ጉድ ተሰኝቶ ነበር። መልሱን በኮቴው መሬት እየመታ ይናገራል። ኦስካር ፕፉንግስት የተባለ ተመራማሪ ነገሩን መርምሮ በ1907 ውጤቱን አሳወቀ። ጠያቂው ራሱ መልሱን ሳያውቅ ሲቀር ፈረሱም ይሳሳታል። ለካ ሃንስ የሚከታተለው፣ ትክክለኛው ቁጥር ላይ ሲደርስ በጠያቂው ራስና ፊት ላይ የሚታየውን ኢምንት እንቅስቃሴ ነው። ባለቤቱ አጭበርባሪ አልነበረም፤ ከልቡ አምኖ ነበር። የሚያስፈራውም ይኸው ነው። በነገራችን ላይ፣ በዚህ ታሪክ ፈረሱ ተዋረደ የሚሉ ሰዎች አይገቡኝም። የሰውን ፊት እንዲህ አድርጎ ማንበብ ቀላል ችሎታ ነው እንዴ?

«እንስሳ ምን ያውቃል!» ብሎ በሩን መዝጋት

ይህ የቀደመው ስህተት ተቃራኒ ነው፤ ጥንቃቄ ስለሚመስል ደግሞ ሰው ቶሎ አይነቃበትም። በ1980 ሮበርት ሴይፋርዝ፣ ዶሮቲ ቼኒና ፒተር ማርለር በኬንያው አምቦሴሊ ስለሚኖሩ ጦጣዎች አንድ ጥናት አወጡ። እነዚያ የሐይቃችን ዳር ጦጣዎች የቅርብ ዘመዶች ናቸው። ጦጣዎቹ ለነብር፣ ለንስርና ለእባብ የተለያየ የማስጠንቀቂያ ድምፅ ያሰማሉ። ተመራማሪዎቹ «ይነጋገራሉ» ብለው አልተጣደፉም። ድምፆቹን ቀድተው፣ ነብርም ንስርም በሌለበት በድምፅ ማጉያ አሰሙ። የነብሩን ሲሰሙ ወደ ዛፍ ሮጡ። የንስሩን ሲሰሙ ወደ ሰማይ አንጋጠጡ። የእባቡን ሲሰሙ ሣሩን ቁልቁል ቃኙ። ስለዚህ ጦጣ ታስባለች አታስብም ብሎ መከራከር ብዙ አያራምድም። በምን እንፈትነው ማለት ይሻላል።

ጉድ የሆነውን ብቻ መጻፍ

ጠብ፣ ስርቆት፣ ልጅ መንጠቅ ዓይን ይስባል። መተኛትና ቅማል መለቃቀም አይስብም። ጉዱን ብቻ የመዘገበ ሰው በወሩ መጨረሻ ጦጣ ቀኑን ሙሉ ስትጣላ የምትውል ይመስለዋል። ተመራማሪዋ ጄን አልትማን በ1974 ባሳተመችው ጽሑፍ የምልከታን ዘዴ ፈር አስይዛዋለች። አንዱ መንገድ አንድ እንስሳ አስቀድሞ መርጦ፣ ለተወሰነ ደቂቃ ያደረገውን ሁሉ መመዝገብ ነው። ያከከውንም፣ ያዛጋውንም። ይደብራል። ሥራው ግን ይኸው ነው።

እያበሉ ማጥናት

ሙዝ ብትወረውሩ በአንድ ቀን ትለምዳችኋለች። ያኔ የምታጠኑት የሙዝ ግርግርን ነው። ታዋቂዋ የቺምፓንዚ ተመራማሪ ጄን ጉዳል እንኳ በ1960ዎቹ ታንዛኒያ ውስጥ ጎምቤ ላይ ለቺምፓንዚዎች ሙዝ ስታቀርብ ጠባቸው ጨመረ፤ ኋላ አቀራረቡን መቀነስ ግድ ሆነ። እንስሳው ሰውን ችላ ብሎ ኑሮውን እስኪቀጥል በትዕግሥት መጠበቅ ወራት ሊወስድ ይችላል።

ማሳ ጠባቂዎቹን አለመጠየቅ

በቆሎ ሲያሽት ማማ ላይ ወንጭፍ ይዞ የሚውለው ልጅ የጦጣን ጠባይ ከብዙ መጽሐፍ በላይ ያውቃል። «ትልቅ ወንድ ሲያዩ ይሸሻሉ፣ እኛን ግን ይንቁናል» ቢላችሁ ተረት ነው ብላችሁ አትለፉት። እንደ ተረጋገጠ እውነትም አትጻፉት። ሊፈተን የሚችል ግሩም ጥያቄ በነፃ ሰጥቷችኋል። በምስጋናው ገጽ ላይ ግን እንዳትረሱት።

ዝግመተ ለውጥን እንደ መሰላል መሳል

ቡና ላይ መጠየቃችሁ አይቀርም። «ልጄ፣ ሰው ከዝንጀሮ መጣ ነው እንዴ የምትሉት?» እትዬን አትቆጧቸው። ሳይንሱም እንደዚያ አይልም። ቺምፓንዚ እንደ አክስት ልጅ እንጂ እንደ አያት አይታይም፤ የጋራው ቅድመ አያት የኖረው ከ6 እስከ 7 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው።

ሌላው የመሰላሉ ጣጣ «መጀመሪያ ትልቅ አንጎል፣ ከዚያ ሌላው» የሚለው ሐሳብ ነው። በ1912 እንግሊዝ ውስጥ የጥንት ሰው ነው የተባለው የፒልትዳውን ቅል ሲወጣ ብዙ ሊቃውንት የተቀበሉት ይህንን ግምት ስላሟላላቸው ነው፤ የሰው ቅል ከኦራንጉታን መንጋጋ ጋር የተገጣጠመ ማጭበርበሪያ መሆኑ በ1953 ተጋለጠ። በ1974 አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ የተገኘችው የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ድንቅነሽ ነገሩን ገልብጣ አሳየችን። በሁለት እግሯ ትሄዳለች፤ የወገኖቿ አንጎል ግን ከቺምፓንዚ ብዙም አይበልጥም።

ፈቃዱን ወደ ኋላ ማቆየት

«መጀመሪያ የመቀመጫዬን» አለች ዝንጀሮ። ለቅሪተ አካል ቅርስ ባለሥልጣን፣ ለብሔራዊ ፓርኮቹ እንስሳት ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን አለ፤ ካሜራ ከመግዛታችሁ በፊት እዚያ ሂዱ። ዘጌ ላይ ደግሞ ደኑ የገዳማቱና የቡና ገበሬዎቹ ነገር ስለሆነ አባቶችን አስቀድሞ ማነጋገር ያስፈልጋል። እንደ ክብራን ገብርኤል ያሉ ገዳማት ሴት አያስገቡም። ሴት ተመራማሪ ያለበት ቡድን ቦታ ሲመርጥ ይህን ጀልባ ከመከራየቱ በፊት ያጣራ።