ሰኩለንታችሁ ቅጠል እያራገፈ ነው? ውሃ ከመጨመራችሁ በፊት

የሰኩለንት (ወፍራም ቅጠሉ ወይም ግንዱ ውስጥ ውሃ የሚያጠራቅም ተክል) ቅጠል መርገፍ ሲጀምር የብዙ ሰው እጅ ቀጥ ብሎ ወደ ውሃው ነው የሚሄደው፣ ጠምቶት ነው ይባልና ውሃ ይሰጠዋል፣ በሳምንቱ ይብስበታል፣ እንደገና ይሰጠዋል፣ መጨረሻ ላይ ግንዱ ብቻ ቆሞ ይቀራል። አዲስ አበባ ቤቶች ውስጥ የማየው የሞተ ሰኩለንት አብዛኛው በጥማት ሳይሆን በውሃ ብዛት የሞተ ነው፣ ያውም በክረምት። ስለዚህ ቅጠል ከረገፈ ውሃውን ለጊዜው ተዉትና የወደቀውን ቅጠል አንሱት።

በጣታችሁ ጫን አድርጉት። ቢጫ ሆኖ፣ ብርሃን እያሳለፈ፣ ልፍስፍስ ብሎ ሲጫኑት ውሃ የሚያወጣ ከሆነ ውሃ በዝቶበታል። ሳስቶ የተጨማደደ ከሆነ ጠምቶታል። ወፍራምና አረንጓዴ፣ ምንም ያልሆነ የሚመስል ቅጠል ነካ ሲያደርጉት ዱብ ዱብ የሚል ከሆነ ደግሞ ብርድ፣ የቦታ ለውጥ ወይም የብርሃን ማነስን ጠርጥሩ። ከታች ያሉት አንድ ሁለት ቅጠሎች እንደ ወረቀት ደርቀው ከላይ ያለው ደህና ከሆነ ግን እርጅና ነው፣ ምንም አታድርጉ።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ። ቅጠሉ ተጨማዷል፣ አፈሩ ግን እርጥብ ነው። ይሄ ጥማት አይደለም፣ ማለቴ ተክሉ ጠምቶታል ግን መጠጣት አልቻለም፣ ምክንያቱም ሥሩ በስብሷል። ሥርም አየር ይፈልጋል፣ አፈሩ ውስጥ ያለው ክፍተት ሁሉ በውሃ ሲሞላ ይታፈንና ይሞታል። በዚህ ላይ ውሃ ከጨመራችሁ ጨረሳችሁት።

እንደዛ ከጠረጠራችሁ ከፖቱ አውጡት፣ አትፍሩ፣ ሰኩለንት ከአፈር መውጣት አይገድለውም። አፈሩን በእጃችሁ አራግፉና ሥሩን እዩት። ደህና ሥር ነጣ ያለ ወይም ፈዘዝ ያለ ቡናማ ሆኖ ጠንካራ ነው። የበሰበሰው ይጠቁራል፣ ሳብ ስታደርጉት ቆዳው ይላጥና ውስጡ ያለው ቀጭን ክር ብቻ እጃችሁ ላይ ይቀራል፣ ይሸታልም። የበሰበሰውን ሁሉ በአልኮል በተጠረገ መቀስ ወይም ቢላ ቁረጡ። ብስበሳው ግንዱ ውስጥ ከገባ ከታች ወደ ላይ ትንሽ ትንሽ እየቆረጣችሁ ሂዱ፣ የተቆረጠው ፊት ላይ ቡናማ ነጥብ ወይም ቀለበት እስከታየ ድረስ አልጨረሳችሁም፣ ሙሉ ለሙሉ ንጹህ ሲሆን አቁሙ። ከዛ ጥላ ቦታ፣ አየር የሚያገኝበት አስቀምጡትና ቁስሉ እስኪደርቅ ከ3 እስከ 7 ቀን ጠብቁ፣ ግንዱ ወፍራም ከሆነ ከዛም በላይ። ደረቅ አፈር ላይ ትከሉት፣ ሳምንት ያህል ውሃ አይንካው። ሰው የሚቸገረው ይሄን መጠበቁ ላይ ነው።

አፈሩ ላይ ደግሞ እንምጣ። መንገድ ዳር ከሚሸጡት ችግኝ ቤቶች ስትገዙ አብዛኛውን ጊዜ በጥቁር ፕላስቲክ፣ ጥቅጥቅ ባለ አፈር ነው የሚመጣው። እነሱ ጋ ውጭ ፀሐይና ንፋስ ስላለ ችግር የለውም፣ ሳሎን ሲገባ ግን ያ አፈር ለሳምንታት አይደርቅም። ጥቁር አፈር በተለይ ሲረጥብ እንደ ጭቃ ይያያዛል ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ለሰኩለንት ከሱ የባሰ የለም። ውጭ አገር ያሉ ሰዎች ፐርላይት (አፈር የሚያላላ ቀላል ነጭ ጠጠር) ግዙ ምናምን ይላሉ፣ እኛ ጋ ግን ለግንባታ የሚሸጠው ቀይ አሽ አለ፣ ፑሚስም ከተገኘ በጣም ጥሩ ነው፣ ሁለቱም ከእሳተ ገሞራ የወጡ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆኑ ድንጋዮች ናቸው። በወንፊት ንፉት፣ ብናኙን ጣሉ፣ የአተር ፍሬ የሚያህለውን አስቀሩና ግማሽ በግማሽ ከቀይ አፈርና ከበሰለ ኮምፖስት ጋር ቀላቅሉት። ክረምት ላይ ቤታችሁ እርጥበት የሚይዝ ከሆነ ድንጋዩን ከግማሽ በላይ አድርጉት።

ፖቱ ከስር ቀዳዳ ይኑረው፣ እዚህ ላይ ድርድር የለም። ቀዳዳ የሌለው የሚያምር ሴራሚክ ውስጥ ከስር ጠጠር ካነጠፍኩ ይበቃል የሚባለው ነገር አይሠራም፣ ውሃው ጠጠሩ ጋ ሲደርስ ወደታች ከመውረድ ይልቅ ከሱ በላይ ያለው አፈር ውስጥ ነው የሚቆየው፣ እንዲያውም እርጥቡ ወደ ሥሩ ይጠጋል። ሴራሚኩን ከወደዳችሁት ፕላስቲኩን እንዳለ ውስጡ አስቀምጡና ስታጠጡ አውጡት። የሸክላ ፖት በጎኑም ስለሚተነፍስ ውሃ ለሚያበዛ ሰው ይመከራል።

ውሃን በተመለከተ "በሳምንት አንዴ" የሚለውን እርሱት። የእንጨት ስንጥር እስከ ታች ድረስ ሰክታችሁ አውጡት፣ አፈር ተጣብቆበት ወይም ረጥቦ ከወጣ አታጠጡ፣ ሙሉ ለሙሉ ደረቅ ሆኖ ከወጣ በደንብ፣ ከስር እስኪፈስ ድረስ አጠጡና ሰሃኑ ላይ የተጠራቀመውን ድፉ። በጥቂት በጥቂቱ ከላይ ማርጠብ ሥሩ ጋ አይደርስም። በበጋ ይሄ ነገር ከ10 እስከ 14 ቀን ውስጥ ይመጣል፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ 3 ወይም 4 ሳምንትም ሊቆይ ይችላል፣ ይቆይ። አብዛኞቹ ሰኩለንቶች በቅጠላቸው ላይ ያለውን መተንፈሻ ቀን ዘግተው ማታ ነው የሚከፍቱት፣ ውሃ እንዳይባክንባቸው ተብሎ የተፈጠረ ነገር ነው፣ ስለዚህ መድረቅ ያውቁበታል።

ብርሃን ላይ ደግሞ ኢንተርኔት ላይ የምታነቡት "ወደ ደቡብ የሚያይ መስኮት" የሚለው ምክር ለአውሮፓና ለአሜሪካ የተጻፈ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ግድም ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው፣ የቀረውን ጊዜ በደቡብ። ስለዚህ በበጋ ደስ ብሎት የነበረ የደቡብ መስኮት ላይ ያለ ጄድ (እንደ ትንሽ ዛፍ የሚያድገው ሰኩለንት) ክረምት ሲገባ ደመናውም ተጨምሮ ጨለማ ውስጥ ይገባል፣ አንገቱ ይረዝማል፣ የታች ቅጠሉን ይጥላል፣ ሰው ደግሞ ውሃ ነው ብሎ ያጠጣል። ዓመቱን ሙሉ የሚያዋጣው የምሥራቅ መስኮት ነው፣ የጠዋት ፀሐይ ክረምትም ቢሆን ብዙ ጊዜ ከከሰዓቱ ይሻላል። ከሳሎን ወደ በረንዳ ስታወጡት ግን ቀስ በሉ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ያለ ፀሐይ ቀልድ አይደለም፣ ቅጠሉ ላይ ቡናማ ጠባሳ ይተዋል። መጀመሪያ የጠዋቱን ፀሐይ ለአንድ ሰዓት ያህል ብቻ፣ ከዛ በሁለት ሳምንት ውስጥ እየጨመራችሁ።

ብርዱም አለ። ኅዳርና ታህሳስ ላይ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፣ በረንዳ ላይ እርጥብ አፈር ይዞ ያደረ ጄድ ጤነኛ ቅጠሉን በአንድ ጊዜ ሊያራግፍ ይችላል። በነዚህ ወራት ማታ አስገቡት፣ ቅጠሉ መስታወቱን አይንካው፣ ውሃም የምታጠጡ ከሆነ ጠዋት አድርጉት።

አዲስ የገዛችሁት ሰኩለንት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጥቂት ቅጠል ቢጥል ቦታ ስለተቀየረበት ነው። ዛሬ መስኮት ነገ ቲቪ ጠረጴዛ እያላችሁ አታዙሩት። ማዳበሪያም ያኔ አይሰጠውም።

ቅጠሉ ከግንዱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር ካያችሁ ሚሊባግ የሚባል ትንሽ ተባይ ነው፣ ጉንዳን ወደ ፖቱ የሚመላለስ ከሆነም ጠርጥሩ፣ ሚሊባጉ የሚያወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ፈልጎ ነው የሚመጣው። ከፋርማሲ 70 ፐርሰንት አልኮል ገዝታችሁ በጆሮ ጥጥ አንድ በአንድ ንኩት፣ በሳምንቱ ድገሙት፣ እንቁላሉ በአንዴ አያልቅም።

የእሾህ አክሊል የምንላት ቀይ አበባ ያላት ደግሞ ድርቅ ሲሆን ቅጠል መጣል ልማዷ ነው፣ አትደንግጡ፣ የቁልቋል ዘመድ ስለሆነች ግን ወተቷ ዓይን ውስጥ እንዳይገባ።

ዲሲ ወይም ስቶክሆልም ላላችሁ ከኅዳር እስከ የካቲት ብርሃኑ ስለሚያንስ ውሃውን በጣም ቀንሱ፣ ከሂተር አርቁት፣ የተክል መብራት ካላችሁ በቀን 12 ሰዓት አብሩለት። ገልፍ ያላችሁ ደግሞ ኤሲው በቀጥታ የሚነፍስበት ቦታ አታስቀምጡ።

የረገፈውን ቅጠል አትጣሉት። ያልላሸቀና ከግንዱ ሲለይ መሠረቱ ሙሉ የሆነውን ሁለት ሦስት ቀን አድርቃችሁ ደረቅ አፈር ላይ ጋደም አድርጉት፣ መቅበር አያስፈልግም። ጄድም ኤቼቬሪያም (ቅጠሉ እንደ አበባ ዙሪያውን የተደረደረው ሰኩለንት) በሳምንታት ውስጥ ከግንዱ ጋር ተያይዞ ከነበረው ጫፍ ቀጭን ሥር ያወጣሉ፣ ሥሩ ሲታይ ዙሪያውን በስፕሬይ ትንሽ ማርጠብ ጀምሩ፣ እናት ቅጠሉ ራሱ ደርቆ እስኪወድቅ ድረስ አትንቀሉት።