ኡቡንቱ ጭናችሁ ረስታችሁት ከሆነ

«ሊኑክስ ቫይረስ አይነካውም» የሚለው ወሬ ብዙ ሰው አዘናግቷል። በተለይ ኦክቶበር 2025 ላይ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ካበቃ ወዲህ አሮጌ ላፕቶፑ ላይ ኡቡንቱ ወይም ሚንት የሚባሉትን የሊኑክስ ዓይነቶች የጫነ ሰው በዝቷል፤ ጥሩ ነው፣ ግን አብዛኛው ጭኖ እዚያው ይተወዋል። ጃንዋሪ 2021 ላይ ሱዶ የሚባለው፣ ትእዛዝን በአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚያስኬደው ፕሮግራም ውስጥ ተራ ተጠቃሚን የማሽኑ ጌታ የሚያደርግ ክፍተት ተገኘ፤ ለአስር ዓመት ገደማ ማንም ሳያየው እዚያው ተቀምጦ ነበር። ማስተካከያው ግን ወሬው ሲወጣ አብሮ ወጣ። ያዘመነ ተረፈ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ትእዛዞቹንም በእኛ ፊደል ጻፍኳቸው እንጂ ተርሚናል ላይ፣ ማለትም ትእዛዝ በሚጻፍበት መስኮት፣ በእንግሊዝኛ ትናንሽ ፊደላት ነው የሚገቡት።)

መጀመሪያ የትኛው የኡቡንቱ ስሪት ላይ እንዳላችሁ እዩ። ሴቲንግስ ውስጥ «አባውት» የሚለው ላይ አለላችሁ። ቁጥሩ ዓመትና ወር ነው፤ 24.04 ማለት በ2024 አራተኛው ወር ላይ የወጣ ማለት ነው። በየሁለት ዓመቱ ኤፕሪል ላይ የሚወጡት፣ ኤልቲኤስ የሚባሉት፣ 5 ዓመት ድጋፍ አላቸው። በመሃል የሚወጡት 9 ወር ብቻ ነው ያላቸው፤ የተለየ ምክንያት ከሌላችሁ አትንኳቸው። በዚህ ስሌት የ20.04 መደበኛ ድጋፍ በ2025 አልቋል፣ 22.04 እስከ 2027፣ 24.04 ደግሞ እስከ 2029 ይሄዳል።

ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ድጋፉ ያለቀ ኤልቲኤስ ላይ አፕዴት ስታደርጉ ቀይ ነገር አይመጣባችሁም። «ሁሉም ፓኬጅ (የተጫነ ፕሮግራም) ወቅታዊ ነው» ይላችኋል፣ እውነቱንም ነው፤ አዲስ የሚላክለት ነገር ስለሌለ ወቅታዊ ነው! እና ሰውየው በየሳምንቱ አፕዴት እያደረገ፣ ልቡ ሙሉ ሆኖ፣ ቀዳዳ ማሽን ይዞ ይቀመጣል። ስሪቱን መቀየር ለጊዜው ካልቻላችሁ ኡቡንቱ ፕሮ አለ። ለግል አገልግሎት እስከ 5 ማሽን ነጻ ነው፣ ኢሜይል አስመዝግባችሁ ቁልፍ ትወስዳላችሁ፣ ድጋፉም ወደ 10 ዓመት ይረዝማል። አዲስ ስሪት ላይ ላሉትም ይጠቅማል። መደበኛው የ5 ዓመት ድጋፍ ዋናውን የፓኬጅ ማከማቻ ነው የሚሸፍነው፤ እንደ ቪኤልሲ ያሉት ያሉበት «ዩኒቨርስ» የሚባለው ክፍል በማኅበረሰቡ በጎ ፈቃድ ነው የሚጠበቀው፣ ፕሮ ግን እሱንም ይጨምራል።

የሳምንቱ ሥራ ለአፕት፣ ማለትም ለፕሮግራም ጫኙ፣ የሚሰጥ ሁለት ትእዛዝ ነው። «ሱዶ አፕት አፕዴት»፣ ከዚያ «ሱዶ አፕት አፕግሬድ»። የመጀመሪያው ምንም አያዘምንም፤ ምን አዲስ ነገር እንዳለ ዝርዝሩን ብቻ ነው የሚያመጣው። እሱን ብቻ ሠርቶ «አፕዴት አድርጌያለሁ» የሚል ሰው ሞልቷል። ኡቡንቱ የደህንነት ማስተካከያዎችን ራሱ ከጀርባ ይጭናል፣ እሱን አታጥፉት። ዳታ የምትቆጥቡ ከሆነ የሞባይል ሆትስፖታችሁን ዋይፋይ ሴቲንግ ውስጥ «ሜትርድ» (ዳታው የሚቆጠር) አድርጉትና ትልልቁን ማውረድ ለሌሊት ጥቅል ወይም ለቢሮ ኢንተርኔት አቆዩት። ዝርዝሩን አይታችሁ መርጣችሁ ማውረድም ትችላላችሁ። ብሮውዘሩንና ከርነሉን (የሲስተሙን እምብርት) ግን አታሳድሩ።

መብራት በመሃል ቢጠፋስ? ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ወይም ዴስክቶፕ ከሆነ ያጋጥማል። ሲበራ አፕት «ዲፒኬጂ (ከሥሩ ሆኖ ፓኬጆቹን የሚጭነው) ተቋርጧል» ብሎ አልሠራም ይላል፤ መፍትሔውን ራሱ እዚያው መልእክቱ ላይ ይጽፍላችኋል፣ «ሱዶ ዲፒኬጂ» ከዚያ ሁለት ሰረዝ «ኮንፊገር» ከዚያ አንድ ሰረዝ «ኤ»። ያቋረጠበትን ይጨርሳል። አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ያልፋል፣ ፎርማት አይቸኮልም። ሌላው የተለመደ መልእክት «ሎኩን (መቆለፊያውን) ማግኘት አልቻልኩም» የሚለው ነው። ኢንተርኔት ላይ ብትፈልጉ የሎክ ፋይሉን አጥፉት የሚል ምክር ይሞላል። አታጥፉ! ያ ማለት ከጀርባ ሌላ አፕዴት እየተጫነ ነው ማለት ነው፤ ቡና አፍልታችሁ ተመለሱ፣ ይለቃችኋል።

ከዚያ ሪስታርት። ላፕቶፑን ክዳኑን ብቻ እየዘጉ ወራት የሚያስኬዱ አሉ። አዲስ ከርነል ወርዶ ተጭኖ ሳለ እየሠራ ያለው አሮጌው ነው፣ ሪስታርት እስካላደረጋችሁ ድረስ ማስተካከያው ዲስክ ላይ ተኝቷል። ፋየርፎክስም እንዲሁ፤ «አፕዴት አለ፣ ዝጉኝ» ሲላችሁ 40 ታብ ከፍታችሁ ችላ አትበሉት። አሮጌ ከርነሎች ሲከማቹ ቦታ ስለሚያጣብቡ አልፎ አልፎ «ሱዶ አፕት አውቶሪሙቭ» በሉ።

ከውጭ የሚመጣ ግንኙነትን የሚያግደው ፋየርዎል ዴስክቶፕ ላይ ሲጫን ጠፍቶ ነው የሚመጣው። «ሱዶ ዩኤፍደብሊው ኢኔብል»፣ አለቀ። በኤስኤስኤች ከሩቅ የምትገቡበት ሰርቨር ከሆነ ግን ኤስኤስኤችን አስቀድማችሁ ፍቀዱ፣ አለዚያ ራሳችሁን ውጭ ትቆልፋላችሁ።

በእኔ እምነት ብዙ ሰው የሚጎዳው በራሱ እጅ በሚያስገባው ነገር ነው። ከዩቲዩብ ቪዲዮ ሥር ያገኘውን ትእዛዝ ሱዶ ጨምሮ ይለጥፋል፣ ከማያውቀው ሰው ፒፒኤ (ከዋናው ውጭ ያለ የግል የፓኬጅ ማከማቻ) ይጨምራል። ፒፒኤ ስትጨምሩ ለባለቤቱ ማሽናችሁ ላይ የፈለገውን እንዲጭን ፈቃድ ሰጣችሁ ማለት ነው። ፌብሩዋሪ 2016 ላይ የሊኑክስ ሚንት ድረ ገጽ ተጠልፎ የማውረጃው ሊንክ ቀዳዳ ወዳለበት፣ ሲናሞን ወደሚባለው የሚንት ዓይነት ቅጂ ተቀይሮ ነበር፤ ስለዚህ ከጓደኛ በፍላሽ የመጣ አይኤስኦ (የመጫኛ ፋይል) ከሆነ ፋይሉ አለመነካካቱን የሚያሳየውን የቼክሰም ቁጥር ከዋናው ድረ ገጽ ጋር አመሳክሩ። በሌላው በኩል ደግሞ አዲስ ነገር ሁሉ አይጥማችሁ። ማርች 2024 ላይ ኤክስዚ በሚባለው የማመቂያ ፕሮግራም ስሪት 5.6.0 እና 5.6.1 ውስጥ ሆን ተብሎ የተደበቀ መግቢያ ተገኘ። ያገኘው አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል ኢንጂነር ነው፤ ኤስኤስኤች ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ገደማ ዘገየበትና ለምን ብሎ መቆፈር ጀመረ። የተረጋጋውን ደቢያን (ኡቡንቱ የተመሠረተበትን ሊኑክስ) እና የወጡትን የኡቡንቱ ኤልቲኤሶች አልደረሰባቸውም፣ የሙከራ ስሪት ላይ የነበሩትን ግን ደረሰባቸው።

ስሪት ስትቀይሩ ከ20.04 በአንዴ ወደ 24.04 አይዘለልም፣ በ22.04 በኩል ነው። አዲሱ ኤልቲኤስ በወጣ ሰሞን የስሪት ቀይሩ ጥሪው ካልመጣላችሁ አትደንግጡ፣ የመጀመሪያው እርማት፣ ማለትም መጨረሻው ላይ .1 ያለው፣ ሲወጣ ነው የሚመጣው። ፋይላችሁን ወደ ውጭ ዲስክ ቅዱ፤ ታይምሺፍት የሚባለው የመጠባበቂያ ፕሮግራም ሲስተሙን እንጂ ፎቷችሁን አያስቀምጥም። ቻርጀር ሰክታችሁ «ሱዶ ዱ ሪሊዝ አፕግሬድ» በሉ፣ በቃላቱ መሃል ሰረዝ አለ። የጨመራችኋቸውን ፒፒኤዎች ራሱ ያጠፋቸዋል፣ ከጨረሰ በኋላ የምትፈልጉትን ብቻ መልሱ። በመሃል ቆሞ «ይህ የኮንፊግ (የቅንብር) ፋይል ተቀይሯል፣ የቱን ልያዝ?» ብሎ ይጠይቃችኋል። እናንተ የነካችሁት ከሆነ ኢንተር ብቻ ተጫኑ፣ የእናንተው ይቆያል።