ሴት ውሻችሁን ካስመከናችሁ በኋላ ሳህኗን ተመልከቱ

ሴት ውሻ እንዳትወልድ በቀዶ ሕክምና ከመከነች በኋላ ሰውነቷ የሚፈልገው ኃይል ይቀንሳል፤ የምግብ ፍላጎቷ ግን ይጨምራል። የእኔዋ ሳህኗን ልሳ ስትጨርስ ዓይን ዓይኔን ታየኝ ነበር። አንጀቴን በላችውና ጨመርኩላት፤ በጥቂት ወራት ወገቧ ጠፋ። እናንተ አትጨምሩ። ቁስሉ እስኪድን ከ10 እስከ 14 ቀን አታሯሩጧት፤ ከዚያ ምግቧን ከቀድሞው ሩብ ያህል ቀንሱና በየቀኑ አንሸራሽሯት። ጎኗን ዳብሱ፦ የጎድን አጥንቷ ብዙ ሳትጫኑ እጃችሁ ላይ ሊታወቃችሁ ይገባል።

ጠባይዋስ? በር ላይ የሚሰበሰቡት ወንድ ውሾች ይቀራሉ፤ ቤት መጠበቋን ግን አትተውም። ተኝታ ሽንት ካመለጣት አትቆጧት። ከሆርሞን መቀነስ ሊመጣ ይችላል፤ መድኃኒት ስላለው ለእንስሳት ሐኪም አሳዩዋት።