በሥዕልና ሙዚቃ ክፍለ ጊዜ የምንሠራቸው ስህተቶች፦ ለጎንደር መምህራንና ወላጆች

ሥዕልና ሙዚቃ ማስተማር ጎንደር ላይ ከሌላው ከተማ ይልቅ ቀላል መሆን ነበረበት። ግንቡ፣ አድባራቱ፣ አዝማሪው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ሁሉም በቅርብ አሉ። ሆኖም በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት አጠራር «የክወናና የእይታ ጥበባት» የሚባለው ትምህርት በብዙ ትምህርት ቤቶች እንደ ትርፍ ነው የሚታየው። በጀት የለም እንላለን፤ እውነት ነው፣ የለም። ከዚህ በታች ያሉትን ስህተቶች ለማረም ግን አብዛኛውን ጊዜ ብር አያስፈልግም።

ፔሬዱን አሳልፎ መስጠት

ፈተና ሲቃረብ ቀድማ የምትወሰደው የጥበብ ፔሬድ ናት። የሂሳብ መምህሩ ምዕራፍ ይቀረዋል፣ «ዛሬ ብቻ ላካክስባት» ይላል፣ ርዕሰ መምህሩም እሺ ይላል። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ላይ ስለሌለች ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም። የግድ ከሆነ ተለዋወጡ እንጂ አትስጡ፤ የዛሬዋን የወሰደ መምህር ከራሱ ፔሬድ አንዷን ይመልስ። መመለስ ግዴታ ሲሆን ጥያቄውም ይቀንሳል።

ከሰሌዳ ማስገልበጥ

ይህ ዋናው ነው። መምህሩ ሰሌዳ ላይ አበባ ይሥላል፣ ተማሪው ይገለብጣል፣ በደንብ ያስመሰለው 10 ከ10 ያገኛል። እጅ ትንሽ ይፍታታ ይሆናል፤ ዓይን ግን ምንም አልተማረም፤ ልጁ ያየው የመምህሩን አበባ ነውና።

ደብረ ብርሃን ሥላሴን እንውሰድ። ጣሪያው ላይ የተደረደሩትን የመላእክት ፊቶች ያላየ የጎንደር ልጅ ብዙ አይገኝም። አንገቱን አቅንቶ የመረመራቸው ግን ስንቱ ነው? በአንድ እይታ ሁሉም አንድ ናቸው። «ሁለቱን ምረጡና ልዩነታቸውን ንገሩኝ» ሲባሉ ነው ልጆቹ ገጽታቸው በመጠኑ እንደሚለያይ የሚያስተውሉት። ከዚያ ወደ ግድግዳው ውሰዷቸው። በነባሩ የአሣሣል ሥርዓት ጻድቃን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ፊት ለፊት ይሣላሉ፤ ክፉዎቹ ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን። ይህን ቀድማችሁ አትንገሯቸው። «ዓይናቸውን ቁጠሩ» በሏቸውና ዝም በሉ፤ ከመካከላቸው አንዱ ይደርስበታል።

ከፍ ላሉት ክፍሎች ሌላም አለ። የፊተኛው የጎንደር አሣሣል ደማቅና ለጥ ያለ ቀለም ይወዳል፤ በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን የጎለበተው ሁለተኛው ደግሞ ፊትንና ልብስን በጥላ ያድበለብላል። ከሁለቱም አንዳንድ ፎቶ በስልክ አሳይቶ «የትኛው ቀደመ? በምን አወቃችሁ?» ማለት አንድ ሙሉ ፔሬድ ይወጣዋል። ቤተ ክርስቲያን ስትሄዱ አስቀድማችሁ አስፈቅዱ፤ ፍላሽ አታብሩ፤ ልጆቹም ግድግዳውን በእጃቸው እንዳይነኩ ተጠንቀቁ። ብዙው ሥዕል በጨርቅ ላይ ተሥሎ የተለጠፈ ስለሆነ በቀላሉ ይጎዳል። ክፍል ስትመለሱ ሰሌዳው ባዶ ይሁን። እያንዳንዱ አጠገቡ የተቀመጠውን ልጅ ፊት ይሣል።

«ተሰጥኦ የለውም» ማለት

በጎንደር በአታ ቤተ ክርስቲያን አቋቋም (የማኅሌቱን ዜማና ሽብሸባ) ለመማር የሚመጣውን ተማሪ ተሰጥኦ አለህ ወይ ብሎ የሚመልሰው የለም። መሪጌታው ይመራል፣ ተማሪው ይቀበላል፣ ይሳሳታል፣ ይታረማል፣ እንደገና ይላል፤ መቋሚያው፣ ጸናጽሉና ከበሮው እስኪዋሐዱለት ዓመታት ይፈጃል። ሂሳብ ያቃተውን ልጅ ልምምድ እንሰጠዋለን፤ መሥመር የጠመመበትን ግን ለምን «አልተፈጠረበትም» ብለን እንተወዋለን?

አዝማሪንና ሸክላ ሠሪን ከትምህርት ቤት ማራቅ

«ልጄን አዝማሪ ልታደርጉት ነው?» የሚል ወላጅ አሁንም አለ። ያው ወላጅ ሠርጉ ላይ አዝማሪ ካልመጣ ሠርጉ ሠርግ አይመስለውም፤ ይሄ ነገር ሁሌም ይገርመኛል። ማሲንቆ አንድ ክር ብቻ ያለው መሣሪያ ነው፤ ክሩም ደጋኑም የፈረስ ጭራ ነው። በዚያች አንድ ክር ትዝታን፣ ባቲን፣ አንቺ ሆዬንና አምባሰልን ለይቶ የሚያሰማ ሰው ክፍል ውስጥ ቢቀመጥ፣ ስለ ቅኝት ማስታወሻ ከማስጻፍ ይልቅ ጆሮ ይሠለጥናል።

ከዚህም በላይ «ተቀበል!» አለ። ልጆቹ ሁለት ሁለት ስንኝ ገጥመው ይስጡት፣ እሱ ተቀብሎ ያዚምላቸው። እንዲህ ያለ ይበቃል፦

ደወሉ ሲደወል ልቤ ይደነግጣል፣
ያልሠራሁት ሂሳብ ከቦርሳ ያፈጣል።

ስንኙ ከዜማው ካልገጠመ ማሲንቆው ወዲያው ያጋልጠዋል፤ መምህሩ ማረም አያስፈልገውም። ቤትና ምጣኔ ምን እንደሆኑ ልጁ በጆሮው ያውቃቸዋል። የአማርኛ መምህሯም ብትገኝ መልካም ነው።

ወለቃም ቅርብ ናት። እዚያ ያሉት ሸክላ ሠሪ እናቶች ጭቃው እንዳይሰነጠቅ እንዴት እንደሚቦካ ከማናችንም በላይ ያውቃሉ። «ቡዳ» እያሉ ባለሙያን የማራቅ ነገር ከትምህርት ቤት ግቢ እንዲወጣ ከተፈለገ ሸክላ ሠሪዋን እንደ ማንኛውም መምህር «እትዬ» ብሎ አክብሮ መጋበዝ ነው። ውሎ አበልም ይታሰብላት፤ በምስጋና ብቻ አትሸኟት።

በሂሳብ ስም መለመን

ደግ አስበው የሚሠሩት ስህተት ነው። «ሙዚቃ የተማረ ልጅ ሂሳብ ይጎብዛል» እያሉ ርዕሰ መምህሩን የሚያግባቡ አሉ። ብዙ የሚወራለት፣ የሞዛርትን ሙዚቃ ማዳመጥ ምን እንደሚያመጣ የፈተሸው «የሞዛርት ጥናት» በ1993 እ.ኤ.አ. የታተመ ነው፤ የተሞከረውም በኮሌጅ ተማሪዎች ላይ ነበር። የታየው መሻሻልም ቅርፅን በአእምሮ የማገላበጥ ዓይነት ጥያቄ ላይ ብቻ ሆኖ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያህል ነበር የቆየው። በዚህ ተከራክሮ ያገኛት ፔሬድ የሂሳብ ውጤት ያልጨመረ ቀን ትወሰድበታለች። ማየት፣ መስማትና ያሰቡትን በእጅ መሥራት ራሳቸው ትምህርት ናቸው፤ ክርክሩ በዚህ ይሁን።

ለወላጆች ቀን ብቻ ማዘጋጀት

እስክስታ የሚችሉት እነዚያው ልጆች ዓመት በዓመት ይወጣሉ፣ ሌላው ወንበር ይሸከማል። ዝግጅቱ ይኑር፤ ነገር ግን ከክፍል ሥራ ይውጣ፤ ከእያንዳንዱ ክፍልም ተራ ይድረስ።

ማርክ

ለሁሉም 85 መስጠት ሥራውን አለማየት ነው፤ ለንጽሕና ብቻ መስጠትም እንዲሁ። ተማሪው የመጀመሪያውንም የታረመውንም ሥዕል በአንድ ክላሰር ያስቀምጥ፤ ማርኩ በሁለቱ መካከል ላለው ለውጥ ይሰጥ። ተማሪው ብዙ ከሆነ በየሳምንቱ የአንድ ረድፍ ክላሰር ብቻ ይታይ። ቀለም ከሌለ ከሰል አለ፤ የከሰል ሥዕል ግን በእጅ ስለሚጠፋ በየሥዕሉ መካከል ወረቀት ጣል ይደረግበት።