ጁሪ ዱቲ ለተጠራችሁ፦ ከደብዳቤው እስከ ፍርዱ

አሜሪካ ያላችሁ ወገኖች፣ ፖስታ ሳጥናችሁ ውስጥ የጁሪ ሳመንስ (የፍርድ ቤት መጥሪያ) ካገኛችሁ አትደንግጡ፣ ተከሳችሁ አይደለም። አገር ቤት የሚፈርደው ዳኛ ስለሆነ ፍርድ ቤት ተጠራ ሲባል ሰውዬው ምን አደረገ ነው የሚባለው፣ እዚህ ግን የወንጀል ጉዳይ ለጁሪ ከቀረበ ጥፋተኛ ነው አይደለም የሚሉት ከየሰፈሩ የተጠሩ ተራ ሰዎች ናቸው።

ደብዳቤውን ጥሎ መርሳት አያዋጣም፣ ፌደራል ፍርድ ቤት ያለምክንያት የቀረ ሰው እስከ 1000 ዶላር ሊቀጣ፣ እስከ 3 ቀንም ሊታሰር ይችላል፣ ስቴቶችም የየራሳቸው ቅጣት አላቸው። በሌላ በኩል ደውሎ "ጁሪ ዱቲ ቀርተሃል፣ ዋራንት (የእስር ትእዛዝ) ወጥቶብሃል፣ አሁኑኑ በጊፍት ካርድ ክፈል" የሚላችሁ ካለ ሌባ ነው፣ ዝጉበት።

ቀጥሎ ለመጥሪያው መልስ የምትሞሉት ፎርም ነው፣ እዚህ ጋ ረጋ በሉ። ስም የሚያወጡት ከመራጮች መዝገብ ብቻ ሳይሆን ብዙ ቦታ ከመንጃ ፈቃድም ስለሆነ ግሪን ካርድ ላለው ሰውም ይመጣል። ሲትዝን ካልሆናችሁ "አይደለሁም" ብላችሁ መልሱ፣ በቃ አለቀ። ሳይሆኑ ነኝ ማለት ግን ኢሚግሬሽን ላይ ከባድ ጣጣ ያመጣል፣ በተለይ ለእናት ለአባታችሁ ፎርም የምትሞሉ ልጆች ዝም ብላችሁ የስ የስ እያላችሁ አትለፉ። እንግሊዝኛ በደንብ የማይገባችሁም ከሆነ እውነቱን ፃፉ፣ አክሰንት አለኝ ማለት ግን ምክንያት አይሆንም።

ስራ በተመለከተ አለቃችሁ ጁሪ ሄድክ ብሎ ሊያባርራችሁ አይችልም፣ የቀረችሁበትን ቀን ይከፍላል ማለት ግን አይደለም። ፌደራል ፍርድ ቤት በቀን 50 ዶላር ይሰጣል፣ ካሊፎርኒያ የስቴት ፍርድ ቤት መደበኛው ክፍያ 15 ዶላር ነው እሱም ከ2ኛው ቀን ጀምሮ፣ ኡበር ለሚነዳ ሰው እንግዲህ አስቡት። ካልተመቻችሁ ቀኑን ማስተላለፍ ብዙ ቦታ ቀላል ነው፣ ቀድማችሁ ጠይቁ እንጂ በቀጠሮው ጠዋት አይደለም።

በቀኑ ጃኬት፣ ቻርጀርና መፅሐፍ ያዙ፣ ረቡዕ ወይ አርብ ከሆነና የምትፆሙ ከሆነ ምሳም ቋጥሩ። ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ስትጠብቁ ልትውሉ ትችላላችሁ፣ ብዙ ሰው ሳይመረጥ ነው የሚመለሰው።

ከአዳራሹ ስማችሁ ከተጠራ ዳኛውና ጠበቆቹ ይጠይቃሉ፦ የፖሊስን ምስክርነት ከሌላ ሰው አብልጠህ ታምናለህ? ከቤተሰብህ ወንጀል የደረሰበት ወይ የተከሰሰ አለ? እኛ ሰው ፊት ገመና ማውጣት አንወድም፣ ግን መዋሸት አያስፈልግም፣ ለዳኛው ለብቻ ልናገር ማለት ይቻላል። ጠበቆቹ በአብዛኛው ቦታ የተወሰነ ሰው ምክንያት ሳይሰጡ ማስወጣት ስለሚችሉ ቢመልሷችሁ ናቁኝ ብላችሁ አትከፉ።

ከተመረጣችሁ ጉዳዩን ጉግል አታድርጉ፣ ቦታውን ሄዳችሁ አትዩ፣ ለባል ለሚስትም አታውሩ (ይሄኛው ከባዱ ነው)። ሀበሻን የሚመለከት ደግሞ አንድ ነገር አለ፦ ምስክሩ በአማርኛ ቢናገር ማስረጃው አስተርጓሚው በእንግሊዝኛ ያለው ነው፣ እናንተ በጆሯችሁ የሰማችሁት አይደለም። ተሳስቷል ካላችሁ ለዳኛው በወረቀት ፃፉ፣ ለሌሎቹ ጁሪዎች "እሱ እንደዛ አላለም" ብላችሁ ማስረዳት አይፈቀድም።

መጨረሻ ላይ በር ተዘግቶ ውይይት ነው፣ ለኔ ዋናው ስራ ይሄ ነው። ሽምግልና የለመደ ሰው ሁለቱንም ወገን ትንሽ ትንሽ አስከፍቶ ማስታረቅ ያምረዋል፣ እዚህ ግን ማስታረቅ የለም፣ አቃቤ ህጉ ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ አስረድቷል ወይስ አላስረዳም ነው ጥያቄው። ተከሳሹ ሳይናገር ቢቀር "ዝም ያለው የሚደብቀው ቢኖር ነው" ማለት ክልክል ነው። ስንት አመት ይፈረድበታል የሚለውንም ተዉት፣ እሱ በአብዛኛው የዳኛው ነው። ለከባድ ወንጀል ከ2020 የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ወዲህ በሁሉም ስቴት ጥፋተኛ ለማለት ሁሉም መስማማት አለባቸው፣ ስለዚህ አንድ ሰው ሌሎቹ 11 ጁሪዎች ፊት "እኔ አልተዋጠልኝም" ካለ ሰምቶ ማስረጃውን እንደገና ማየት ነው። እናንተም ያልተዋጠላችሁ ከሆነ አርብ ከሰዓት ነው፣ ሰው አይቶኝ ተነጫነጨ ብላችሁ እጅ አታውጡ፣ በማስረጃ ካሳመኗችሁ ግን ሀሳብ መቀየር ነውር የለውም።

ስትወጡ ለአለቃችሁ የሚሆን የተገኛችሁበትን ወረቀት ከክለርኩ ተቀበሉ። ቼኩ ቆይቶ በፖስታ ቢመጣ አትገረሙ፣ ደሞ አዎ፣ ታክስ ላይ ይሞላል።